የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሁለት ሰርቨሮች አንድ ዳታቤዝ ሲሻሙ

ጥያቄ፦ አዳማ በሚገኝ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የአይሲቲ ባለሙያ ነኝ። የአባላትን ሒሳብ የያዘው ፖስትግሬስ ዳታቤዝ በሁለት ሰርቨሮች ላይ ተቀምጧል፤ አንዱ ምድር ቤት፣ ሌላው ሦስተኛ ፎቅ ነው። መረጃው በዲአርቢዲ ይገለበጣል፤ አገልግሎቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዛውረው ደግሞ ፔስሜከር ነው። ሲስተሙን የተከለልን ድርጅት ሰርቨሮቹ አልፎ አልፎ ራሳቸውን ሪስታርት እያደረጉ ስላስቸገሩት ስቶኒዝን (አንዱ ሰርቨር መልስ ያጣበትን ሌላውን በግድ የሚያጠፋበትን ክፍል) ዘግቶት ሄደ። ባለፈው ወር በመካከል ያለው ስዊች መብራት ተቋርጦበት ሲጠፋ በየፎቁ ያሉት የአገልግሎት መስኮቶች ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ግን ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ለሁለት የተለያዩ አባላት ተሰጥቶ ተገኘ። እንዳይደገም ፌይልኦቨሩን (አንዱ ሲወድቅ ሌላው አገልግሎቱን መረከቡን) እና ፌንሲንጉን (የወደቀ የመሰለውን ሰርቨር ዲስኩን እንዳይነካ ማገዱን) እንዴት እናቅድ?

መልስ፦ የደረሰባችሁ ነገር፣ ማለትም ሁለቱ ሰርቨሮች ተለያይተው እያንዳንዱ ዋናው እኔ ነኝ ብሎ መጻፉ፣ በሙያው ስፕሊት ብሬይን ይባላል፤ በእኔ እምነት ሰርቨር ከመቃጠሉም የከፋ ነው። የተቃጠለ ሰርቨር ከባክአፕ ይመለሳል፤ ሁለት ቦታ የተጻፈ ሒሳብ ግን በሰው እጅ፣ ደረሰኝ በደረሰኝ ካልተመረመረ አይታረቅም። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት የሁለቱንም ዲስክ ሙሉ ቅጂ ያስቀምጡ። ዲአርቢዲ እንደገና እንዲገናኝ የአንዱን ወገን ለውጥ መጣል ግድ ስለሆነ፣ በሚጣለው ወገን የተመዘገቡት ደረሰኞች ከቅጂው ተለቅመው መግባት አለባቸው።

የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ጓደኛው ድምፁን ያጠፋበት ሰርቨር፣ ጓደኛው ይሙት ወይም በመካከላቸው ያለው መስመር ብቻ ይቆረጥ ከራሱ ወገን ሆኖ ማወቅ አይችልም። ሰርቨሮቹ ሦስት ቢሆኑ በድምፅ ብልጫ ይወሰናል፤ ሁለት ሲሆኑ ብልጫ ስለሌለ የሰርቨሮቹን ግንኙነትና ድምፅ የሚቆጣጠረው ኮሮሲንክ በሁለት ሰርቨር ቅንብሩ እያንዳንዱ ብቻውን እንዲቀጥል ይፈቅዳል። ይህ ፈቃድ የተሰጠው ፌንሲንግ አለ በሚል እሳቤ ነው፤ ማለትም አገልግሎቱን የሚረከበው ሰርቨር አስቀድሞ የሌላውን ኤሌክትሪክ ቆርጦ፣ መቆረጡንም አረጋግጦ ብቻ ዲስኩን ይነካል። ስቶኒዝን መዝጋት ብቸኛውን ጠባቂ ማሰናበት ነው፤ የሊኑክስ አቅራቢዎቹ ሬድ ሃትም ሆነ ሱዜ ያለ ፌንሲንግ ለሚሠራ ክላስተር (እንደ አንድ ሆነው ለሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ) ድጋፍ የማይሰጡት በዚህ ምክንያት ነው። ሪስታርት ማድረጋቸውም የኔትወርኩ መቆራረጥ ምልክት ሳይሆን አይቀርም፤ መጠገን የነበረበት መስመሩ ነበር።

በእናንተ ሁኔታ ስቶኒዝን መልሶ መክፈት ብቻውን አይበቃም። የማጥፊያው ትእዛዝ የሚያልፈው በዚያው በመካከለኛው ስዊች በኩል ከሆነ፣ ስዊቹ ሲጠፋ አንዱም ሌላውን ማጥፋት ስለማይችል ቆሞ የነበረው አገልግሎት እንደቆመ ይቀራል። ሒሳቡ አይበላሽም፤ ግን ሥራ ይቆማል። ስለዚህ ሁለቱን ሰርቨሮች ወደ አንድ ክፍል እንድታመጧቸው አጥብቄ እመክራለሁ። እሳት ቢነሣስ የሚል ሥጋት ካለ፣ ለእሳት መልሱ ሌላ ቦታ የሚቀመጥ ባክአፕ እንጂ በአንድ ኬብል ላይ የተንጠለጠለ ክላስተር አይደለም። ከዚያ በሰርቨሮቹ መካከል ያለ ስዊች የሚሄድ ቀጥተኛ ኬብል ዘርጉ፤ በስዊች የሚያልፈውን መስመር ለኮሮሲንክ ሁለተኛ መንገድ አድርጉለት፤ ስዊቹንም ዩፒኤስ ላይ ሰኩት።

የማጥፊያ መሣሪያው ምርጫ ረጋ ብሎ ማሰብ ይጠይቃል። አብዛኞቹ ሰርቨሮች ከማዘርቦርዳቸው ጋር የሚመጣው፣ ሰርቨሩን ከርቀት ማብራትና ማጥፋት የሚያስችለው አይፒኤምአይ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ጉድለቱ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሚያጠፋው ሰርቨር ፓወር ሰፕላይ መሆኑ ነው። የሰርቨሩ ገመድ ቢነቀል አይፒኤምአዩም አብሮ ስለሚጠፋ መልስ አይሰጥም፤ ፔስሜከርም ማረጋገጫ ስላላገኘ አገልግሎቱን አያዛውርም። ስለሆነም አይፒኤምአይን አንደኛ ደረጃ፣ በኔትወርክ የሚታዘዝ ፒዲዩን (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ) ሁለተኛ ደረጃ አድርጋችሁ መዝግቡ። ሰርቨሩ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ካለው፣ ሁለቱም ሶኬቶች ጠፍተው ሳያልቁ አንዱም ተመልሶ እንዳይበራ ተጠንቀቁ። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም የፓወር ቁልፉን ችላ እንዲል በሲስተምዲ ሎግንድ (የፓወር ቁልፉን በሚከታተለው የሊኑክስ አገልግሎት) ላይ ይስተካከል፤ አለበለዚያ የማጥፊያው ትእዛዝ ሲደርሰው ወዲያው በመጥፋት ፈንታ ቀስ ብሎ ሹትዳውን ማድረግ ይጀምራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሁለቱ በአንድ ቅጽበት መገዳደላቸው ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 2012 የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ በሆነው ጊትሀብ ላይ የሆነው ይህ ነበር፦ ኔትወርኩ ሲታወክ በፔስሜከርና በዲአርቢዲ የተጣመሩት የፋይል ሰርቨሮች እርስ በርስ የስቶኒዝ ትእዛዝ ላኩ፤ ግንኙነቱ ሲመለስም በርካታ ጥንዶች ተጠፋፍተው ሁለቱም ቆመው ተገኙ። መከላከያው የአንዱን የማጥፊያ ትእዛዝ ማዘግየት ነው፤ ለምሳሌ 15 ሰከንድ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን የት እንደሚጻፍ ላይ ነው፤ መዘግየቱ የሚጻፈው እንዲተርፍ የምትፈልጉትን ሰርቨር በሚያጠፋው መሣሪያ ላይ ነው። ከፔስሜከር 2.0.4 ጀምሮ የተሻለ መንገድ አለ፤ ለዳታቤዙ ከፍ ያለ ፕራዮሪቲ ሰጥታችሁ የፕራዮሪቲ ፌንሲንግ መዘግየትን ካበራችሁ፣ በዚያ ሰዓት ዳታቤዙን እያስተናገደ ያለው ሰርቨር ቅድሚያ ያገኛል።

መብራት በሚቆራረጥበት አገር አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱም ሰርቨሮች ጠፍተው አንዱ ብቻ ሲነሣ፣ ክላስተሩ ሌላውን ሳያይ አገልግሎት አይጀምርም። ይህ የሁለት ሰርቨር ቅንብሩ ይዞት የሚመጣው ጥንቃቄ ነውና አታጥፉት፤ ቀድሞ የጠፋው ሰርቨር የያዘው የቆየ መረጃ ሊሆን ይችላል። በእጅ ማስነሣት ግድ ከሆነ፣ ባለሙያው የየትኛው ሰርቨር ዲስክ የመጨረሻውን መረጃ እንደያዘ ይለይ፤ የሌላውንም ገመድ በእጁ ነቅሎ ካየ በኋላ ብቻ «ጠፍቷል» ብሎ ያረጋግጥ።

ሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት ማታ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ ሞክሩት። በመጀመሪያ የክላስተሩን ኬብሎች በሙሉ ንቀሉ፤ በሌላ ማታ የአንዱን ሰርቨር የኤሌክትሪክ ገመድ፤ በሌላው ደግሞ ከርነሉን (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ሆን ብላችሁ አቁሙ። ሦስቱ የተለያየ ውጤት ያሳያሉ፤ የአይፒኤምአዩ ጉድለት የሚገለጠው በሁለተኛው ነው።

ጥያቄ፦ ለሦስተኛ ሰርቨር አቅም የለንም። ትርፍ ዴስክቶፕ ሦስተኛ ድምፅ ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ አዎ። ኮሮሲንክ ኪውኔትዲ የሚባለው አገልግሎት ትንሽ ኮምፒውተር ይበቃዋል፤ ፖርት 5403 ክፍት ይሁንለት፤ የሁለት ሰርቨር ቅንብሩም ይነሣ። ዴስክቶፑ ድምፅ ይሰጣል እንጂ ኤሌክትሪክ ስለማይቆርጥ ፌንሲንጉ እንዳለ ይቀጥላል። የራሱ ዩፒኤስ ይኑረው፤ ከሁለቱ ሰርቨሮች በአንዱ ላይ ቨርቹዋል ማሽን አድርጋችሁ ግን አትጫኑት፤ ያ ሰርቨር ሲወድቅ ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ ይጠፋል።