ለጭንቀቴ በቪዲዮ ስልክ ምክር ብጠይቅ እምነት ማጉደል ይሆንብኛልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በደብረ ማርቆስ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ በሥራ ምክንያት ሩቅ አገር ነው። ከአንድ ዓመት ወዲህ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፤ ልቤ ያለ ምክንያት ይመታል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ በነበረባቸው ወራት ዝምተኛ የሆነው ልጄ አይታዘዘኝም፤ ታናሽ እኅቱን ደግሞ በቁጣ መትቼ ሳለቅስ አድራለሁ። አዲስ አበባ ያለችው እኅቴ በቪዲዮ ስልክ ምክር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ አገኘችልኝ። ጎረቤቶቼ ግን «ዓይነ ጥላ ነው፤ ጸበል ግቢ እንጂ» ይሉኛል። ለማላውቀው ሰው ጓዳዬን መግለጥ እምነት ማጉደል ወይም የንስሐ አባቴን መናቅ ይሆንብኛልን?

መልስ፦ የተወደዱ እኅታችን፣ ምክር መጠየቅዎ ኃጢአት አይደለም፤ የእምነት ጉድለትም አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ካስወረደ በኋላ ኤልዛቤልን ፈርቶ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር ግን «እምነትህ ወዴት አለ?» ብሎ አልገሠጸውም። ነቢዩ ተኛ፤ መልአኩ ቀሰቀሰውና እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ደግሞም ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ መጥቶ መንገዱ ሩቅ መሆኑን ነግሮ መገበው። ለዚያ ለታላቁ ነቢይ የመጣው የመጀመሪያው የሰማይ ምላሽ እንቅልፍ፣ ምግብና አጠገቡ ቆሞ የሚያናግረው ነበረ።

መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ባለ መድኃኒቱን የፈጠረው እግዚአብሔር ስለ ሆነ አክብረው ይላል። የታመመ ሰው አስቀድሞ እንዲጸልይ፣ ከኃጢአቱ እንዲመለስና መሥዋዕቱን እንዲያቀርብ፣ ከዚያም ለባለ መድኃኒቱ ስፍራ እንዲሰጥ ያዝዛል። ይህን ቅደም ተከተል ልብ ይበሉልኝ፤ ጸሎቱ ሐኪሙን አያስቀርም፤ ሐኪሙም ጸሎቱን አይተካም። በ1999 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የሚጠመቁ ምእመናን የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ሊተዉ ይገባል ወይ የሚል ጭንቅ በተነሣ ጊዜ፣ ቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ስለዚህ ጎረቤቶችዎ «ጸበል ግቢ» ማለታቸው መልካም ነው፤ ይጠመቁ። «እንጂ» የምትለዋን ቃል ግን አልቀበላቸውም።

በቅኔ ተማሪነቴ ዘመን በአንድ ጎጆ አብሮኝ ያደረ ባልንጀራ ነበረኝ። እንቅልፍ አጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲንቆራጠጥ ያነጋ ነበር። እኛም «ቅኔ እንዲገባው አብሾ ጠጥቶ ነው» ብለን አማነው፤ ስንት ወር በሐሜታችን አለፈ። ኋላ ጸበል እየተጠመቀ ሐኪም ዘንድም እየተመላለሰ ዳነና ትምህርቱን ፈጸመ። ያን ጊዜ ቀርበን «ምን ሆንህ?» ብለን አለመጠየቃችን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ስለ ንስሐ አባትዎ የጠየቁት ጠለቅ ያለ መልስ ያስፈልገዋል። የንስሐ አባት ከጌታችን የተሰጠ የማሰርና የመፍታት ሥልጣን አለው፤ ባለሙያው ይህ የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም። ለካህን የሚናዘዙት ኃጢአት ነው። የልብ ምት መፍጠንና እንቅልፍ ማጣት ግን ኃጢአት አይደሉምና በራሳቸው ንስሐ የሚገቡባቸው አይደሉም። ልጅዎን በቁጣ መምታትዎን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ቁጣውን ያባባሰውን ድካምና ፍርሃት ደግሞ ለባለሙያው ይንገሩ። ሁለቱ አይጋጩም። ወደ ባለሙያው መሄድዎንም ከንስሐ አባትዎ አይሰውሩ፤ ካህኑ ካወቀ በጸሎት ያግዝዎታል፤ ጾምና ስግደትዎንም እንደ አቅምዎ ይመጥንልዎታል። መድኃኒት ቢታዘዝልዎ ጾሙን በራስዎ ፈቃድ አይሻሩ፤ መድኃኒቱንም ስለ ጾሙ ብለው አያቋርጡ፤ ሰዓቱን ካህኑንና ሐኪሙን አማክረው ያስተካክሉ።

ከምክሩ በፊት ግን አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ። በጎጃም ደጋ እንቅርት ብዙ ነው፤ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ሰውም ጭንቀት ብቻ ይመስለዋል። ደም ማነስም ልብን ያስመታል። ቡናውንም ይመልከቱት፤ ከሰዓት በኋላ ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ሰው ሌሊት ዓይኑ ቢፈጥ አይደንቅም።

በስልክ ስለሚሰጠው ምክር ስናገር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ ትምህርቱን፣ የሙያ ፈቃዱንና የነገሩትን ምሥጢር እንዴት እንደሚጠብቅ ያለ ሐፍረት ይጠይቁት። የሥነ ልቦና ባለሙያ በምክር ይረዳል፤ መድኃኒት የሚያዝዘው የአእምሮ ሐኪም ነው። ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል ይነጋገራሉ፤ በየመካከሉም የሚያስፈራዎትን አሳብ መጻፍና እውነትነቱን መመርመር፣ ትንፋሽን ማርጋትና የመኝታ ሰዓትን መጠበቅ የመሰለ ሥራ ይሰጥዎታል። በአንድ ጥሪ የሚያልቅ አይደለምና ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ። በር ዘግተው፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርገው፣ ልጆች በማይሰሙበት ሰዓት ይነጋገሩ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት እንደ ተቋረጠ ያውቃሉና፣ ቪዲዮው እምቢ ቢል በተራ ጥሪ እንዲቀጥሉ አስቀድመው ይስማሙ። ባለሙያው ጸሎትዎን ቢያቃልልብዎ ወይም ሃይማኖትዎን እንዲተዉ ቢገፋፋዎ ሌላ ይፈልጉ። በማኅበራዊ መገናኛ «መተት እንፈታለን፣ ገንዘብ ላኩ» ከሚሉት ግን ፈጽመው ይራቁ። የእነዚህ ሥራ ምክር ሳይሆን ጥንቆላ ነውና፣ በጭንቀት ላይ ያለችን እናት መበዝበዛቸው እጅግ ያሳምመኛል።

መኖርን የሚያስጠላ አሳብ ከመጣብዎ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከሰሙ ወይም ልጆቹን እጎዳለሁ ብለው ከፈሩ፣ የስልክ ቀጠሮ አይጠብቁ። ሰው አስከትለው በዚያው ዕለት ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ወይም በባሕር ዳር ወዳሉት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ይሂዱ።

ስለ ልጆቹ፦ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩ ብሏል። የወንድ ልጅዎ ዝምታ አለመታዘዝ ብቻ አይምሰልዎ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ባልንጀሮቹን አጥቷል፤ አባቱም አጠገቡ የለም። «ለምን?» እያሉ ከመመርመር ይልቅ ሽሮ ሲሠሩ ወይም ውኃ ሲቀዱ አጠገብዎ ያውሉት፤ ወሬው ከሥራው ጋር ይመጣል። ትእዛዝዎ አጭር ይሁን፤ ዛሬ የከለከሉትን ነገ አይፍቀዱ፤ ደኅና ሲሠራም ስሙን ጠርተው ያመስግኑት። አባትየውም በስልክ ገንዘብ እንደ ላከ ብቻ አይናገር፤ ልጁን ለብቻው ያናግረው። ይህን እኔ ስለ ጠየቅኩት ብለው ይንገሩልኝ።

ታናሺቱን ግን ዛሬ ማታ ሳትተኛ አጠገብዎ ያስቀምጧትና «ልጄ፣ ስመታሽ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ» ይበሏት። እናት ልጇን ይቅርታ ብትጠይቅ ክብሯ አይቀንስም። የጭንቀትዎን ምክንያት ግን በእርሷ ላይ አይጫኑባት፤ ያ ለእኅትዎ፣ ለባለሙያውና ለንስሐ አባትዎ ይሁን።