መልስ፦ ሙ ሹ ፖርክ ቤት ውስጥ ሲሠራ
እህቴ፣ ከቻይና ምግብ ቤት እንደምታዢው ዓይነት ሙ ሹ ፖርክ (በስስ ቂጣ ተጠቅልሎ የሚበላ የአሳማ ሥጋ፣ የእንቁላልና የአትክልት ጥብስ) ስትሠሪ ጎመኑ ውሃ እየለቀቀ፣ ቂጣው እየደረቀ አስቸገረኝ ብለሻል።

የጎመኑ ነገር የእሳት ጉዳይ ነው። መጥበሻው በደንብ ይጋል። ሁሉንም አንድ ላይ አትጨምሪ። እንቁላሉን ጠብሰሽ አውጪው። ከዚያ በቀጭኑ የተከተፈውን ሥጋ ጥበሺና እሱንም አውጪ። ሥጋውን ቀድመሽ በአኩሪ አተር ሶስና በትንሽ የበቆሎ ስታርች ብታሺው ለስላሳ ይሆናል። ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና በሙቅ ውሃ የራሰው ጥቁር እንጉዳይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃቸዋል። በመጨረሻ ሁሉንም ቀላቅዪ። የሰሜን ቻይናው የድሮ አሠራር ላይ ጎመን ብዙም የለም፤ እሱን ያበዙት የአሜሪካ ምግብ ቤቶች ናቸው። ስለዚህ ብትቀንሺው ማንም አይከስሽም።

ዋናው ሙያ ቂጣው ላይ ነው። ለ2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት 3/4 ኩባያ የፈላ ውሃ ያዢ። በፈላ ውሃ የተቦካ ሊጥ ሲዳመጥ ተመልሶ አይሰበሰብም፣ ሲበስልም ይለሰልሳል። አሽተሽ፣ ሸፍነሽ ግማሽ ሰዓት አሳርፊው። ሁለት ትናንሽ ድብልብሎች ጠፍጥፊ፣ በመሃላቸው የሰሊጥ ዘይት ቀቢ፣ ደርበሽ በጣም አሳስተሽ ዳምጪ። ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት ሁለቱንም ጎን አብስዪ። ነፋ ነፋ ሲል አውጪና ለሁለት ላጪው። ወዲያው በፎጣ ሸፍኚ። ያንቺ የደረቀው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ሆይሲን ሶሱን (ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ወፍራም ጣፋጭ የቻይና ሶስ) ቂጣው ላይ ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ ጣፋጭነቱ ሌላውን ይውጣል። አሳማ የማይበላ እንግዳ ከመጣ በዶሮ ጭን ሥጋም አሪፍ ይሆናል።