ብራዚሊያ ለሁለት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ብራዚል ዋና ከተማ ስለ ብራዚሊያ የደረሱኝ ጥያቄዎች ተከማችተዋል። አብዛኞቹ ከተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችና ብቻቸውን ከሚጓዙ ጌይ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ቅር እንዳትሰኙ፣ አንዳንዶቹ ሙሉ የሕይወት ታሪክ ነበሩ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የዜጋ ሰፈሩ፣ የጌዮቹ ማለቴ ነው፣ የቱ ጋ ነው? ሆቴሌን እዚያው ልያዝና ልገላገል።

መልስ፦ እንዲህ የሚባል ሰፈር የለም። ነገሩ ያስቃል። ሉሲዮ ኮስታ በ1957 የከተማዋን ፕላን ውድድር ያሸነፈበት ንድፍ ለሁሉም ነገር ቦታ መድቧል። የሆቴል ዞን አለ፣ የባንክ ዞን አለ፣ የሆስፒታል ዞን አለ፣ የኤምባሲ ዞን አለ። መዝናናት እንኳ የራሱ ዞን ተሰጥቶታል። ለእኛ የተመደበ ግን የለም፤ ሰዉ ባገኘው ቦታ ነው የተሰባሰበው።

ደቡብ ክንፍ 109 (አድራሻው እንዴት እንደሚነበብ ወደ ታች አለ) ላይ ያለው «ቤይሩት» የሚባል ባር ከ1966 ጀምሮ አለ። የዓረብ ምግብና ቀዝቃዛ ቢራ ነው ሥራው። ቤተሰቡም፣ ተማሪውም፣ ፖለቲከኛውም፣ ጌዩም እዚያው ይቀመጣል፤ ማንም ማንንም ዞር ብሎ አያይም። ኮኒክ ደግሞ አለላችሁ፤ በደቡብ መዝናኛ ዞን ያለ የሕንፃዎች ስብስብ ነው። ኮስታ ለዚህ አካባቢ የፒካዲሊን፣ የታይምስ ስኩዌርንና የሻንዜሊዜን ቅልቅል ነበር ያሰበለት። የወጣው ሌላ ነው፦ ዱልሲና የሚባለው ቲያትር ቤት፣ የስኬትቦርድና የቲሸርት ሱቆች፣ ጸሎት ቤቶች፣ የፓርቲ ቢሮዎች፣ አንዳንድ ማታ ደግሞ ወንዶች እንደ ሴት አጊጠው የሚያቀርቡት የድራግ ትርኢት። እኔ ከታቀደው ይልቅ ይሄኛውን እወደዋለሁ። ሆቴልህን ግን ደቡብ ወይም ሰሜን የሆቴል ዞን ውስጥ ያዝ። ሁለቱም መሀል ከተማ፣ ቴሌቪዥን ማማው አጠገብ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሁለት ወንዶች ሆነን አንድ አልጋ ያለው ክፍል ብንጠይቅ ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ምን ትለናለች?

መልስ፦ ቁርስ እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ትነግራችኋለች።

ጥያቄ፦ ካርታው ላይ ሆቴሌና ባሩ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ማታ በእግሬ እሄዳለሁ።

መልስ፦ ተው። በመሀከላቸው ያለው ባዶ ሣር፣ የመኪና ማቆሚያና ድንገት የሚቋረጥ የእግረኛ መንገድ ነው። ከዚያ ኤይሻው የሚሉት አውራ ጎዳና ይመጣል። ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያቋርጣታል፤ የትራፊክ መብራት የሚባል ነገር የለበትም፤ መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይነዳበታል። እግረኛ የሚያልፈው ከሥሩ በተቆፈሩ መተላለፊያዎች ነው። እነሱን ደግሞ የከተማው ሰው ራሱ ሲመሽ ይሸሻቸዋል። ኡበር ወይም 99 የሚባለውን ጥራ። ሜትሮው በደቡብ ክንፍ በኩል ጥሩ ነው፣ ሰሜን ክንፍን ግን አይነካውም። እሁድና በበዓል ቀን ኤይሻው ለመኪና ይዘጋል። ያኔ በእግርህ እስኪበቃህ ሂድ። ልጅ በብስክሌት፣ ሽማግሌ ከውሻው ጋር፣ ጥንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ሁሉም እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳርቻውስ?

መልስ፦ የለም። ፓራኖዋ የሚባል ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። ዋናም ጀልባም አለበት።

ጥያቄ፦ አንድ የፌስቡክ ጓደኛዬ አድራሻውን ላከልኝ፤ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። የመንገድ ስም የለውም። እየቀለደብኝ ነው?

መልስ፦ አልቀለደም። አንዴ ከገባሽ ደግሞ ከመንገድ ስም ይቀላል። ከተማዋ ሁለት ክንፍ አላት፣ ደቡብና ሰሜን፤ በፖርቱጋልኛ ሱልና ኖርቺ። ከኤይሻው በስተ ምዕራብ ያሉት ብሎኮች በ100ና በ300 ይጀምራሉ፤ በስተ ምሥራቅ ያሉት በ200ና በ400። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ከመሀል ከተማው በራቅሽ ቁጥር ከ01 እስከ 16 ይጨምራሉ። እንግዲህ 109 ሱል ማለት ከመሀል ወደ ደቡብ ዘጠነኛው ብሎክ፣ ከጎዳናው በስተ ምዕራብ ማለት ነው። 308 ሱል ድረስ ከሄድሽ ደግሞ ብሎኮቹ እንዴት እንዲሆኑ ታስቦ እንደነበር ታያለሽ፦ ዛፍ፣ ጥላ፣ ከመሬት በምሰሶ ከፍ ያሉ አፓርታማዎች፣ ከሥራቸው እንደ ልብ የሚታለፍበት ክፍት ቦታ። ጎኑ ያለችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያን በአቶስ ቡልካው ሰማያዊና ነጭ ንጣፎች ተሸፍናለች። አፓርታማዎቹን ያየ ሰው ይቺን ሳያይ አይመለስ።

ጥያቄ፦ ፍቅረኛዬ ሕንፃ አይቶ አይጠግብም። እኔ ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለማየት ውቅያኖስ አላቋርጥም። ለእኔ የሚሆን ምን አለ?

መልስ፦ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነው የኖርኩት። የሦስቱ ሥልጣናት አደባባይ መሀል ላይ ቁም። ፊትህን ወደ ምክር ቤቱ አዙር። ባለ 28 ፎቅ መንትያ ሕንፃዎች አሉ። በግራና በቀኛቸው ደግሞ አንዱ የተደፋ፣ አንዱ አፉን ወደ ላይ የከፈተ ጎድጓዳ ሳህን የሚመስሉ ሁለት ጣራዎች። የተደፋው የሴኔቱ ነው፣ ወደ ላይ የተከፈተው የተወካዮች ምክር ቤት። በቀኝህ የፕሬዚዳንቱ ቢሮ ነው። በግራህ በቀጫጭን ነጭ ምሰሶዎች የተከበበ ዝቅ ያለ የመስታወት ሕንፃ አለ። እሱ ጠቅላይ ፌዴራል ፍርድ ቤቱ ነው። ሁሉንም የነደፈው ኦስካር ኒማየር ነው።

አሁን ፍቅረኛህ ስለ ምሰሶዎቹ ኩርባ ሲያወራ አንተ ይህን አስብ። ሜይ 5 ቀን 2011 በግራህ ባለው ሕንፃ የተቀመጡ ዳኞች የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ኅብረት በሙሉ ድምፅ እንደ ቤተሰብ ተቀበሉ። በ2013 ፍርድ ቤቶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ የፍትሕ ምክር ቤት «የትኛውም የክብር መዝገብ ቢሮ ሁለት ወንድ ወይም ሁለት ሴት አላጋባም ማለት አይችልም» አለ። በ2018 ትራንስ ሰዎች ያለ ቀዶ ሕክምና ስማቸውንና ጾታቸውን በመዝገብ እንዲቀይሩ ተፈቀደ። በ2019 ደግሞ በጾታ ዝንባሌና ማንነት ሰውን ማጥቃት በ1989ኙ የዘረኝነት ሕግ እንዲያስቀጣ ተወሰነ፤ 8 ዳኞች ደግፈው፣ 3 ተቃውመው። ፊት ለፊትህ ያለው፣ ሕግ ማውጣት ሥራው የሆነው ሕንፃ የጋብቻ ሕጉን እስካሁን አላወጣም። ሁሉም የመጣው ከግራ በኩል ነው። አንድ ቦታ ቆመህ አንገትህን ግራና ቀኝ ብታዞር ታሪኩ በሙሉ ይታይሃል። እንዲህ የሚታይበት ሌላ አደባባይ አላውቅም። ቱሪስቱ ግን ሴልፊውን አንስቶ ወደ አውቶቡሱ ይሮጣል!

ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ዓይኗ የታሰረ የድንጋይ ሴት ተቀምጣለች፤ ሰይፏን ጭኗ ላይ አጋድማዋለች። የአልፍሬዶ ቼስኪያቲ ሥራ ናት፣ የ1961። ጃንዋሪ 8 ቀን 2023 ሁከተኞች ሦስቱንም ሕንፃዎች ሰብረው ሲገቡ ደረቷ ላይ በቀይ የከንፈር ቀለም ተጻፈባት። በኋላ ተጠርጓል።

ሲበቃህ አደባባዩ ላይ ወዳሉት ሁለት የነሐስ ምስሎች ሂድ። ቁመታቸው 8 ሜትር ነው፣ ቀጫጭን፣ ጎን ለጎን የቆሙ፣ እጃቸው የተያያዘ። ብሩኖ ጆርጂ በ1959 የሠራቸው ሲሆን፣ ሕዝቡ ካንዳንጎዎቹ ይላቸዋል። ከተማዋን ከምንም አንስተው ኤፕሪል 21 ቀን 1960 ለምረቃ ያደረሷት የቀን ሠራተኞች መታሰቢያ ናቸው። ፎቶ መነሳት ከፈለጋችሁ ከሥራቸው ተነሱ። እኩለ ቀን ላይ ግን አትሂዱ። አደባባዩ ላይ የዛፍ ጥላ የሚባል ነገር የለም፤ ነጩ ድንጋይ ዓይን ያጠፋል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ፍርድ ቤት የወሰነው መንገድ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ አይለውጥም። በተለይ ትራንስ የሆናችሁ አንባቢዎች፣ ማታ በዋናው አውቶቡስ ተራ አካባቢ ብቻችሁን አትዘዋወሩ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ሴቶች ነን፣ ሁለታችንም ሃይማኖተኞች። ካቴድራሉ ይገባልናል?

መልስ፦ ግቡ እንጂ! በር ላይ ማንነታችሁን የሚጠይቅ የለም። መግቢያው ከመሬት በታች ነው፤ ጨለማ ኮሪደር ታልፉና ድንገት ብርሃን ውስጥ ትወጣላችሁ። 16 ኮንክሪት ምሰሶዎች ወደ ላይ ይዘረጋሉ፣ በመሀላቸው የማሪያን ፔሬቲ ባለ ቀለም መስታወት፣ ከአናት በገመድ የተንጠለጠሉ ሦስት መላእክት። ከዚያ ደግሞ በ700ዎቹ ብሎኮች በኩል ወዳለው ዶን ቦስኮ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ፣ ግድ ነው። ከውጭ ሲያዩት ተራ ኮንክሪት ነው። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ከገባችሁ ሰማያዊው መስታወት ፊታችሁን ሳይቀር ሰማያዊ ያደርገዋል። ቅዳሴ ላይ ከሆነ እንደማንኛውም ቤተ ክርስቲያን በሥርዓት ተቀመጡ።

ጥያቄ፦ ኦገስት ላይ ልሄድ ነው፣ አስም አለብኝ። የአየሩ ጠባይ እንዴት ነው?

መልስ፦ ደረቅ ነው፣ በጣም። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። በኦገስት የአየሩ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል፣ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ አፍንጫ ይደማል። ውኃ፣ የከንፈር ቅባት፣ መንፊያህን ደግሞ ኪስህ ውስጥ። ሐኪምህንም ጠይቅ። የቢጫ ወባ ክትባት ካልወሰድክ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት ውሰድ።

ጥያቄ፦ የኩራት ሰልፉ ላይ መገኘት እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን አያውቁም። ፎቶ ብነሳ ችግር አለው?

መልስ፦ ሰልፉ ከ1998 ጀምሮ የነበረ ነው፣ ትልቅ ነው፣ የሚደረገውም ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ በተደረደሩበት መሀል ከተማ ነው። ቴሌቪዥን አለ፣ ጋዜጠኛ አለ፣ ሰዉ ሁሉ ስልኩን እንደደቀነ ነው። አንቺ ባትለጥፊው ሌላው ይለጥፈዋል። መታየትሽ ዋጋ የሚያስከፍልሽ ከሆነ ባነር አትያዢ፣ ከፊት አትሰለፊ፤ ኮፍያና መነጽር አድርጊ። ጓደኞችሽን ታግ እንዳያደርጉሽ ቀድመሽ አስጠንቅቂ። ከመመለስሽ በፊት ስልክሽን አጽጂ፣ ደመናው ላይ የተቀመጠውንም ጭምር። ይሄ ፍርሃት አይደለም፤ የምትመለሺበትን ቤት የምታውቂው አንቺ ነሽ። መሄዱን ግን ሂጂ።

ጥያቄ፦ አፕ ላይ ያገኘሁት ልጅ በቀጥታ ቤቱ ና ይለኛል። ልሂድ?

መልስ፦ አትሂድ። መጀመሪያ ሰው ያለበት ቦታ፣ የገበያ ማዕከል ወይም ካፌ ውስጥ አግኘው። መኪናውን አንተ ጥራ፣ የት እንዳለህ ለአንድ ሰው ላክ። የባንክ አፕ ያለበትን ስልክ ሆቴል ተወው። «ፎቶህን እለቃለሁ፣ ገንዘብ ላክ» የሚል ከመጣ አትክፈል፤ አንዴ የከፈለ ሁለተኛም ይከፍላል። ፖሊስ 190 ነው። ከተማዋ የጾታ ዝንባሌን ጨምሮ በመድልዎ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን የሚይዝ ዴክሪን የሚባል ልዩ የፖሊስ ክፍል አላት።

ይሄኛውን ደግሞ «ሐኪም አማክሩ» ብዬ አላልፈውም፣ ስሙኝ። ኮንዶም ከተቀደደ ወይም የተገደድክበት ነገር ከተፈጠረ ኤችአይቪን የሚከላከለው ድንገተኛ መድኃኒት ፔፕ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ። የሚወሰደው ለ28 ቀን ነው። የብራዚል የመንግሥት ጤና ሥርዓት፣ ሱስ የሚሉት፣ በነፃ ይሰጣል፤ ለውጭ አገር ሰውም ጭምር። «ነገ አየዋለሁ»፣ «አገሬ ገብቼ እመረመራለሁ»፣ «አፍራለሁ» የሚባል ነገር የለም። በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሂድ፣ ፔፕ በል፣ ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ እዚያው ብንጋባስ? ሁለታችንም ቱሪስት ነን።

መልስ፦ በሕጉ መዝገብ ቢሮው ሊከለክላችሁ አይችልም። ግን ለዕረፍት በሄዳችሁበት ሳምንት አያልቅም። የልደትና ያላገባ ማስረጃ፣ የሰነድ ማረጋገጫ፣ በቃለ መሐላ ተርጓሚ የተሠራ ትርጉም፣ ከዚያ የማስታወቂያ ጊዜ አለ። የጋብቻ ወረቀቱ በምትኖሩበት አገር ምን ያስገኝላችኋል፣ ምንስ ያስከትልባችኋል? ለዚህ የአምድ ጸሐፊ አይበቃም፤ ጠበቃ ያዙ።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ፣ ቪዛ አያስፈልገኝም አይደል?

መልስ፦ ከኤፕሪል 10 ቀን 2025 ጀምሮ ያስፈልግሃል። በኢንተርኔት ይሞላል።

ጥያቄ፦ ሙዚቃ ወዳዶች ነን፣ ሕንፃ ሰልችቶናል። ስንት ቀን ይበቃል?

መልስ፦ ሳትሄዱ ሰለቻችሁ? ብራዚሊያ የብራዚል ሮክ ከተማ ናት። ሬናቶ ሩሶ ያደገው፣ ባንዱን ሌዢያው ኡርባናን ያቋቋመውም እዚያ ነው። ወንድም ሴትም እንደሚያፈቅር ሳይደብቅ የተናገረ፣ በ1996 በኤድስ ምክንያት ያረፈ ዘፋኝ ነው። ዛሬ 508 ሱል ላይ በስሙ የተሰየመ የባህል ማዕከል አለ፤ ኤግዚቢሽንና ቲያትር ይታይበታል። ቀኑን በተመለከተ፣ ለሕንፃው ሁለት ቀን፣ ለማታው የፈቀዳችሁትን ያህል። እሁድ ግን እንዳያመልጣችሁ፣ ኤይሻው የሚዘጋው ያኔ ነው። ሐሙስ ገብታችሁ ሰኞ ውጡ።