ቋጠሮውን ሳላይ የመለስኩበት ቀን

ለፋርማሲና ለሕክምና ተማሪዎች፣

በቅርቡ እዚሁ ሐዋሳ ለተመራቂ የፋርማሲ ተማሪዎች ስለ ሙያዬ እንድናገር ተጋብዤ ነበር። ንግግሬን ጨርሼ ወረቀቴን ስሰበስብ፣ ከኋላ ተቀምጣ የነበረች አንዲት ልጅ ጓደኞቿ እስኪወጡ ጠብቃ መጣችና፣ «ጋሼ፣ እናቴ የኦቫሪ ካንሰር ሕክምና ላይ ናት። ጎረቤቶቻችን ተልባና ሌላም ነገር እያዘጋጁ ያጠጧታል። ተልባ ውስጥ ኢስትሮጅን የሚመስል ነገር አለ ሲባል አነበብኩ፤ ይጠቅማት ይሆን ወይስ ይጎዳት?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥበቃው በሩን ሊዘጋ ቆሞ ይጠብቀን ስለነበር ግማሽ መልስ ሰጥቻት ተለያየን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መልሱ ጠፍቶብኝ አልነበረም፤ ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡልኝን አንዲት እናት አስታውሼ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ከገበያው ብዙም በማይርቅ መንገድ ላይ አነስተኛ መድኃኒት ቤት ነበረኝ። እኚህ እናት ገበያው ውስጥ ቅመማ ቅመም ይሸጡ ነበር። እርዱን፣ አብሹን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ተልባውን በየማዳበሪያው አፍ ገልጠው በጣሳ ይሰፍራሉ። ጣቶቻቸው ከእርዱ የተነሣ ሁልጊዜ ቢጫ ስለነበሩ፣ ሒሳብ ሲከፍሉኝ ብሩ ላይ ቢጫ አሻራ ይቀር ነበር፤ ማታ ገንዘብ ስቆጥር የትኛው ብር ከእሳቸው እንደመጣ ለይቼ አውቀው ነበር። ለወራት «ሆዴን ይነፋኛል፤ ትንሽ ስቀምስ ጥግብ እላለሁ» እያሉ የጨጓራ መድኃኒት የገዙት ከእኔ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት እንዲህ ስትል ማስታገሻ ሸጦ መሸኘት ስሕተት መሆኑን ዛሬ ሁላችሁም ስለምታውቁት በዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም።

በኋላ ሆዳቸው ውኃ ቋጠረና አዲስ አበባ ተላኩ። የእንቁልጢ ካንሰር፣ እናንተ ኦቫሪ የምትሉት፣ መሆኑ ታወቀ፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸውና በየ21 ቀኑ መድኃኒት በደም ሥር እንዲወስዱ ተወሰነ። ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ዙር ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ይሄዱ ነበር። መድኃኒቱ በሆስፒታል ሲጠፋ ከውጭ እንዲገዙ ስለሚነገራቸው፣ ለሁለተኛው ዙር እኔ ከአስመጪዎች አፈላልጌ አመጣሁላቸው።

ሊወስዱት የመጡ ዕለት የፓክሊታክሰሉን ካርቶን ባንኮኒው ላይ አድርጌ ስለ አያያዙ እያስረዳኋቸው ሳለ፣ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ አወጡ። ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር በጥርሳቸው ሊፈቱት ጎንበስ አሉ። ጥቁር አዝሙድ ሸተተኝ፤ ከሥሩ ደግሞ የማላውቀው መራራ ሽታ ነበር። «ዶክተር፣ ይህን ከዚህኛው ጋር ብወስደው ምን ይለኛል?» አሉኝ። እኔ እጄን እጃቸው ላይ አድርጌ ቋጠሮውን ወደ ራሳቸው መለስኩትና፣ «እትዬ፣ ይህ ቅጠል ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። እዚያ ሄደው እንዲህ ያለ ነገር እንዳያወጡ፤ ይስቁብዎታል» አልኳቸው። «እሺ ዶክተር» አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ካርቶኑን በፌስታል ይዘው ወጡ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለሚጠጡት ነገር አንድም ቀን አላነሡብኝም።

ያን ዕለት ባንኮኒው ላይ የነበረው መድኃኒት ራሱ የዛፍ ልጥ እንደነበር እያወቅሁ ነው ይህን የተናገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ደን ውስጥ፣ ከእኛ ጥድና ዝግባ ጋር በሩቅ ከሚዛመድ የፓስፊክ ዩ ከሚባል ዛፍ ልጥ ተሰበሰበ። ሞንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ ከልጡ ውስጥ ንጥረ ነገሩን ለይተው አወቃቀሩን ያሳተሙት በ1971 ነው። በ1979 ሱዛን ሆርዊትዝ አሠራሩን አሳየች፦ ሴል ለሁለት ሲከፈል ክሮሞሶሞችን የሚጎትቱ ጥቃቅን ቱቦዎች ይሠራል፤ ፓክሊታክሰል እነዚህን ቱቦዎች እንዳይፈርሱ አድርጎ ያጠብቃቸዋል፤ ሥራው ሲያልቅ መፍረስ የነበረበት መወጣጫ ባለበት ደርቆ እንደሚቀር ቤት ሴሉ ወደፊትም ወደኋላም ማለት ያቅተውና ይሞታል። አሜሪካ ውስጥ ለእንቁልጢ ካንሰር የተፈቀደው በ1992 ነው፤ ልጡ ከተላጠ 30 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ፓክሊታክሰሉ በውኃ ስለማይሟሟ የሚሟሟበት ፈሳሽ እንኳ የሚሠራው ከጉሎ ዘይት ነው፤ ያ በየጓሯችን ሳይተከል የሚበቅለው ጉሎ። እኚያ እናት «ይህ ከዚህ ጋር ይስማማል ወይ?» ብለው የጠየቁኝ እንግዲህ ስለ ሁለት ተክሎች ነበር፤ አንዱን መዝነው፣ አንጥረውና ፈትነው ጠርሙስ ውስጥ ጨመሩት፣ ሌላው ቋጠሮ ውስጥ ነበር። በመሐላቸው ያለው ልዩነት ትልቅ መሆኑን አልክድም፤ የሠላሳ ዓመት ሥራ ነው ልዩነቱ። ይህን ልዩነት ግን በአምስት ደቂቃ በአክብሮት ላስረዳቸው እችል ነበር።

ከሦስተኛው ዙር በፊት የጉበት ምርመራቸው ተበላሽቶ ተገኘና ሕክምናው ተራዘመ፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ ሆነ። ሐኪሞቹ ሌላ የሚወስዱት ነገር እንዳለ ደጋግመው ጠይቀዋቸዋል፤ እሳቸውም ደጋግመው «የለም» ብለዋል። ያረፉት በሚቀጥለው ዓመት ነው። ልቅሶ ልደርስ ስሄድ ሴት ልጃቸው ቡና እያቀረበች፣ «እርስዎ ከተቆጧት በኋላ ለማንም እንዳንናገር አስምላን ነበር፤ እስከ መጨረሻው ጠጥታዋለች» አለችኝ። ለወቀሳ አልነበረም የነገረችኝ፤ ጨዋታ መስሏት ነው። ጉበታቸውን የጎዳው ቋጠሮው ነው ለማለት ምንም ማስረጃ የለኝም፤ በሽታው ራሱ፣ ወይም የተሰጣቸው መድኃኒት ሊሆን ይችላል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ውስጡ ምን እንደነበረ አለማየቴ ነው። ሐኪሞቹ ሊያውቁት ይገባ የነበረውን ነገር ያፈንኩት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ልጂቱ ጥያቄ ልመለስ። አኩሪ አተር ውስጥ ያለው ጀኒስቲንም ሆነ የተልባው ሊግናን የሴቶቹን ሆርሞን ኢስትሮጅንን በቅርጽ ይመስላሉ፤ ስለዚህ በሴሉ ውስጥ ያለውን የኢስትሮጅን ተቀባይ ሊይዙ ይችላሉ። ተቀባዩ ግን አንድ አይደለም። እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ድረስ አንድ ብቻ ይመስለን ነበር፤ በዚያ ዓመት ቤታ የተባለው ሁለተኛው ተገኘ። አልፋ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ሴሉን «ተባዛ» ይለዋል፤ ቤታ ደግሞ በብዙ ሁኔታ ያረግበዋል። ጀኒስቲን ከአልፋ ይልቅ ቤታን አጥብቆ ይይዛል። ጤናማ እንቁልጢ በቤታ የበለጸገ ነው፤ በካንሰሩ ግን ቤታው ይቀንስና ሚዛኑ ወደ አልፋ ያደላል። የተክሉ ንጥረ ነገር እንዲረዳን የምንፈልገው በር በሽታው በገፋ ቁጥር የሚጠፋው በር ነው ማለት ነው። በላቦራቶሪ በጡት ካንሰር ሴሎች ላይ ደግሞ ጀኒስቲን በጥቂት መጠን ሲሰጥ ሴሉን እንደሚያባዛ፣ በብዙ መጠን ሲሰጥ እንደሚያግደው ታይቷል። የእንቁልጢ ካንሰርም አንድ በሽታ አይደለም፤ አንዳንዱ ዓይነት ለሆርሞን በግልጽ ይታዘዛል፣ አብዛኛው ግን ለሆርሞን ያለው ምላሽ ደካማ ነው። ስለዚህ «ይጠቅማታል» ወይም «ይጎዳታል» የሚል አንድ ቃል ለሚሰጣችሁ ሰው አትቸኩሉለት።

የእናንተ ትውልድ ስልኩን አውጥቶ «እርድ የካንሰር ሴልን ገደለ» የሚለውን ርዕስ በአንድ አፍታ ያሳየኛል። ርዕሱ እውነት ነው፤ የላቦራቶሪ ሳሕን ላይ ገድሏል። ነገር ግን በቀን 8 ግራም ድረስ የእርዱን ንጥረ ነገር የዋጡ ሰዎች ደም ውስጥ የተገኘው እጅግ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን አንጀት አያሳልፈውም፣ ያለፈውንም ጉበት ቶሎ ይለውጠዋል። የተልባው ሊግናንም ሥራ የሚጀምረው የአንጀት ባክቴሪያዎች ኢንተሮላክቶን ወደሚባል ነገር ከለወጡት በኋላ ነው፤ ሰውየው በዚያ ሰሞን ፀረ ባክቴሪያ ከወሰደ ይህ ይቀንሳል። ከርዕሱ ወርዶ መጠኑን፣ ሳሕን ይሁን አይጥ ይሁን ሰው የሚለውን የሚያነብ ወጣት ጥቂት ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል። እንዲህ ስል ግን ልጂቱ ትዝ ትለኛለች። እኔ በእሷ ዕድሜ እናቴ የምትጠጣውን ከመምህሬ ፊት አውጥቼ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም፤ በዚህስ ትበልጡናላችሁ።

እንዶድን ያነሣሁላችሁ መሰለኝ በንግግሬ ላይ፤ ያን ዕለት ጊዜ አጥሮኝ ያለፍኩትን ልጨምርበት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ማግኘታቸውን ታውቃላችሁ። እሳቸው ወደ ወንዙ ወርደው ሴቶቹ የሚሠሩትን በትኩረት አዩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ላቦራቶሪ የገቡት። እኔ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በእርድና በአዝሙድ መሐል የኖሩ ሴት ከፊቴ ቆመው ዓይኔን ወደ ካርቶኑ አዞርኩ።

ለታካሚ «ሁሉንም አቁም» ብላችሁ አትዘዙ፤ ይደብቃችኋልና። ይህን ካልኩ በኋላ ደግሞ ለገዛ እህቴ ቢሆን ምን እንደምላት ልንገራችሁ፦ ሕክምናው እስኪያልቅ የማይታወቀውን ሥርና ቅጠል ሁሉ ተይ እላታለሁ። ሁለቱ እንደማይገጥሙ አውቃለሁ፤ ሆኖም ሁለቱንም አምንባቸዋለሁ። ፓክሊታክሰልን የሚሰባብሩት በጉበት ያሉ ሲዋይፒ2ሲ8 እና ሲዋይፒ3ኤ4 የተባሉ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ከተክሎች መሐል እነዚህን የሚያፈጥኑም የሚያግዱም አሉ፣ መድኃኒቱ ከሚገባው በታች ወይም በላይ ደም ውስጥ ይቆያል። ካርቦፕላቲን ደግሞ የሚመጠነው በኩላሊት አቅም ስለሆነ ኩላሊትን የሚነካ ማንኛውም ሥር መጠኑን ያዛባዋል። ተልባው እንደ ምግብ በልክ ሲሆን ይህን ያህል አያስፈራኝም። አንድ ነገር ብቻ፦ የእንቁልጢ ካንሰር አንጀትን ሊያጣብቅና ሊዘጋ ይችላል፤ ሆዷ የተነፋ፣ የሚያስመልሳት፣ ዓይነ ምድር የከለከላት ሴት ውኃ ሲነካው የሚያብጥ ተልባ መጠጣት የለባትም፤ ያን ዕለት ወደ ሆስፒታል ነው መሄድ ያለባት።

ልጄ፣ ይህን ካነበብሽ ያን ማታ ያልጨረስኩልሽ መልስ ይኸው ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። የእናትሽ ካንሰር ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ተደርጎ እንደሆነ ከሐኪሟ ጠይቂ፤ የመጨረሻውን የጉበትና የኩላሊት ውጤትም ያዢ። ተልባው እንደ ምግብ በልክ ከሆነ፣ ከላይ ያልኳቸው የሆድ ምልክቶችም ከሌሉባት፣ ያን ያህል አያሳስበኝም፤ «ሌላም ነገር» ያልሽኝን ግን ከእናትሽ ጋር ሆናችሁ አምጡልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ቤት ነኝ። በወረቀትም ይሁን በጨርቅ የተጠቀለለ፣ እንዳለ አምጡት፤ እኔው ልፍታው።