የጆስሊን ቤል በርኔል ሳይቴሽን፦ የትኛውን ቁጥር ልጻፍ ላልሽው

የአስትሮኖሚ ተመራማሪዋ የጆስሊን ቤል በርኔል ጽሑፎች በሌሎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ (ሳይቴሽን) ስትጽፊ፣ ኤዲኤስ ከተባለው የምርምር ጽሑፎች ማውጫ ድረ ገጽ ያገኘሽውን ቁጥር ጻፊ፣ አጠገቡ ያየሽበትን ቀን አስቀምጪ። ለሴሚናርሽ ጉግል ስኮላርና ኤዲኤስ የተለያየ ቁጥር የሰጡሽ ተሳስተሽ አይደለም። ስኮላር መመረቂያ ጽሑፉንም መጽሐፉንም ያገኘውን ሁሉ ይቆጥራል። ኤዲኤስ ግን ለአስትሮኖሚና ለፊዚክስ የተሠራ ነው፣ ክፍያም የለውም።

ስሟን ሁለት ጊዜ ፈልጊ። ፐልሳርን (እየተሽከረከረ በየጊዜው የሬዲዮ ምልክት የሚልክ ኮከብ) ባሳወቀው የ1968 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ ላይ «ቤል» ብቻ ናት፤ በርኔል የመጣው በጋብቻ ነው።

ኤች ኢንዴክሱ ላይ ግን ብዙ አትንጠልጠዪ። 20 ከሆነ 20 ጽሑፎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ ተጠቅሰዋል ማለት ነው፤ አንዱ ብቻውን ሺህ ጊዜ ቢጠቀስ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው፦ የፐልሳሩን ምልክት ከረጅም የወረቀት ግራፍ ላይ በዓይኗ የለየችው ተማሪ፣ ቤል፣ ከአምስት ጸሐፊዎች ሁለተኛ ሆና ተጻፈች፣ የ1974 እ.ኤ.አ. ኖቤል ለአማካሪዋ ለአንቶኒ ሂዊሽና ለማርቲን ራይል ተሰጠ፣ እሷ ግን በ2018 እ.ኤ.አ. ያገኘችውን የ3 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ለፊዚክስ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ አዋለችው። ይህን በደንብ ተናገሪ፣ የትኛውም ሳይቴሽን አያሳየውም።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። እዚሁ ድሬ ስማር ስለ ሌላ ተመራማሪ ሳቀርብ የስም ሞክሼዋን ጽሑፎች አብሬ ደምሬ ነበር፣ መምህሩ አንዱን ርዕስ ሲያነበው ስለ ሰብል በሽታ ሆኖ ተገኘ። ርዕሶቹን አንድ በአንድ እያነበብሽ አጥሪ። ዝርዝሩንም ቀድመሽ አውርጂው፣ በማቅረቢያው ሰዓት ኔት ቢጠፋ እንዳትቸገሪ።