ሴሬቤለምን በዲፊውዥን ኤምአርአይ ልታጠኚ ከሆነ

እህቴ፣ በሚቀጥለው ወር 30 ሰዎችን በዲፊውዥን ኤምአርአይ (የውሃን እንቅስቃሴ ተከትሎ የነርቭ ክሮችን መንገድ በሚያሳየው ቀረጻ) ልታስነሺ መሆኑንና ከአንጎል ኋላ በታች ላለው ለሴሬቤለም ሲባል የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልግ እንደሆነ መጠየቅሽን አነበብኩ። ያስፈልጋል። የሶፍትዌሩን ነገር ሌሎች በደንብ መልሰውልሻል፤ እኔ የምጽፍልሽ ማሽኑ ዘንድ ሳለሽ ካመለጠሽ በኋላ ማንም የማይመልስልሽን ነው።

1. ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት የምስሉ ክልል የሴሬቤለምን የታችኛውን ጫፍ አልፎ መውረዱን በራስሽ ዓይን እዪ። የባለሙያዎቹ እጅ የለመደው ትልቁን አንጎል ነው፤ ከአናት ይጀምራሉ፣ የቁርጥራጮቹ ቁጥር ሲያልቅ ታቹ ይቀራል። እኔ ከ22 ሰዎች የ9ኙን ያጣሁት በዚህ ነው። ያወቅሁት ደግሞ ቀረጻው ሁሉ ካለቀ ከሦስት ወር በኋላ፣ ምስሎቹን ለሴሬቤለም ብቻ ከተሠራው ሱት ከተባለው አትላስ (የአንጎል ካርታ) ጋር ሳዛምድ ነበር። ምስሉ ከሴሬቤለም ክፍልፋዮች ስምንተኛው ሎቡል ላይ ሲደርስ በቢላዋ እንደተቆረጠ ዳቦ ቀጥ ብሎ ያልቃል፤ ከዚያ በታች ጥቁር ነው። ወደ ቀረጻ ክፍሉ ኃላፊ ሄድኩ። ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳን ሳይል «የአንጎል ምስል ጠይቃችሁ ነበር፤ አንጎሉ ሙሉ ነው» አለኝ። ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በሰው አንጎል ካሉት ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች 69 ቢሊዮን ያህሉ የሚገኙት እኮ በሴሬቤለም ውስጥ ነው! ድጋሚ ቀረጻው በራሳችሁ ወጪ ነው ተባልን፤ ከዘጠኙ ሰዎች የተመለሱት አራት ብቻ ናቸው።

2. በተቃራኒ የፌዝ አቅጣጫ (የምስሉ መዛባት በሚከተለው የቀረጻ አቅጣጫ) የሚነሳውን አጭር ምስል አታስቀሪ። ሴሬቤለም ከጆሮ ጀርባ ካሉት አየር የያዙ አጥንቶች ጎን ስለሚገኝ መግነጢሳዊው መስክ እዚያ ይዛባል፤ ምስሉም ይለጠጣል ወይም ይጨማደዳል። ሁለቱም አቅጣጫ ካለሽ ኤፍኤስኤል በተባለው ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ቶፕአፕ ያቃናልሻል። ይህ ተጨማሪ ቀረጻ አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም። «ጊዜ የለንም» ሲሉኝ በይሉኝታ ዝም አልኩ። አንቺ ዝም እንዳትዪ።

በሁለተኛው ዙር የቁርጥራጮቹን አቀማመጥ በወረቀት አትሜ፣ የታችኛውን ድንበር በቀይ እስክሪብቶ አስምሬ ይዤ ገባሁ። እያንዳንዱ ሰው ሲነሳ ከባለሙያዋ ጎን ቆምኩ። መጀመሪያ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ከአምስተኛው ሰው በኋላ ግን ወረቀቱን ራሷ ትጠይቀኝ ጀመር። ከዚያ ወዲህ የአንድም ሰው ምስል ታቹ አልተቆረጠም።

የውሃው እንቅስቃሴ የሚለካባቸውን አቅጣጫዎች ቁጥርና የቢ መጠኑንም (የዲፊውዥን መለኪያውን ጥንካሬ) በቁጠባ ስም ዝቅ አታድርጊ። ከሴሬቤለም በአንጎል መሃል ወዳለው ታላመስ በሚወጣው የላይኛው ፔዳንክል (የነርቭ ክሮች ጥቅል) ውስጥ ካሉት ክሮች አብዛኞቹ መካከለኛው አንጎል ላይ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራሉ። ቴንሶር የሚባለው ቀላል የስሌት ሞዴል ግን በአንድ ቮክስል (የምስሉ ትንሿ ኩብ) አንድ ዋና አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳይ መሻገሪያው ላይ ይሳሳትና መስመሩን በዚያው ጎን ይሰደዋል። የመጀመሪያው ቀረጻዬ ቢ 1,000 በ32 አቅጣጫ ስለነበር ከቀኝ የተነሳው መስመር ቀኝ ታላመስ ገባ፤ አማካሪዬ አንዴ አየት አድርጎ «መሻገሪያው የት አለ?» አለኝ፤ መልስ አልነበረኝም። በሁለተኛው ዙር የአንጎልን ትስስር እንደሚያጠናው እንደ ሂውማን ኮኔክቶም ፕሮጀክት ቢውን እስከ 3,000 አወጣሁና ኤምአርትሪክስ በተባለው ሶፍትዌር፣ በአንድ ቮክስል ከአንድ በላይ አቅጣጫ በሚለየው ስፌሪካል ዲኮንቮሉሽን ሠራሁት። በሴሬቤለም ውስጥ ካለው ከቀኝ ዴንቴት ኒውክሊየስ የተነሳው መስመር መካከለኛው አንጎል ውስጥ ካለው ቀይ ኒውክሊየስ ሳይደርስ ተሻግሮ ግራ ታላመስ ሲገባ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻዬን አየሁት። ያንን ምስል አትሜ ቀይ መስመር ካሰመርኩበት ወረቀት ጎን ለጥፌዋለሁ። የቀረጻ ቅንብሬን ከፈለግሽ ዛሬውኑ እልክልሻለሁ።