ባታታ ለሮሽ ሀሻና፦ ጠይቁኝ ልመልስ

ለሮሽ ሀሻና (ለአይሁድ አዲስ ዓመት) ማዕድ ከሥጋው ጎን ስለሚቀርበው ጣፋጭ የባታታ ጥብስ ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ጎረፈ! ባታታ ያው ስኳር ድንች ነው። እኔ እስራኤል አገር፣ ኔታንያ ከተማ ውስጥ ለድግስ ሳበስል ዓመታት ቆጥሬያለሁ።

ጥ፦ ልኬቱ ስንት ነው?

መ፦ ለስምንት ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ባታታ ልጠሽ፣ 3 ሳንቲ ሜትር በሚያህል ቁራጭ ክተፊው። 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ቆንጠር አድርገሽ ቀረፋና የዝንጅብል ዱቄት ጨምረሽ በእጅሽ እሺው። ትሪው ላይ ሳይደራረብ ይዘርጋ። ከተደራረበ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። በ200 ዲግሪ 40 ደቂቃ ያህል። ማሩ 2 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል።

ጥ፦ ማሩ ያርርብኛል፣ ጥብሱም ይመራል። ምን አጠፋሁ?

መ፦ ከመጀመሪያው ጨምረሽው ነው። እኔም ባገባሁ ዓመት እንዲሁ አድርጌ ሙሉ ትሪ አሳርሬያለሁ። አማቴ አንዷን ቀምሰው ዝም አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር! ማር ቶሎ ይቃጠላል። ግማሽ ሰዓት ሲሞላው ትሪውን አውጪ። ማሩን በትንሽ ሙቅ ውሃ አቅጥነሽ አፍስሺበት፣ አገላብጪና ለ10 ደቂቃ መልሺው። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ማሩ ትሪው ላይ ጥቃቅን አረፋ ሲያወጣ በቃው። በማር ፋንታ ሲላን፣ ማለትም የተምር ማር፣ ቢሆንም ያው ነው።

ጥ፦ ማር ባበዛበት የበለጠ አይጣፍጥም?

መ፦ ወንድሜ፣ ጣዕሙ ያለው ድንቹ ውስጥ ነው። ቀስ ብሎ ሲሞቅ ስታርቹ ወደ ስኳር ይቀየራል። ጊዜ ካለኝ ምድጃው እስኪግል አልጠብቅም፤ ትሪውን አስገብቼ ነው የማበራው። ደቂቃው ትንሽ ይረዝማል፣ ጣዕሙ ግን ሌላ ነው።

ጥ፦ በንጥር ቅቤ ብሠራውስ?

መ፦ ሥጋ ባለበት ማዕድ አይሆንም፤ ቅቤ ከወተት ነው፣ በሕጋችን ደግሞ ሥጋና ወተት አይቀላቀሉም። ፓርቬ፣ ማለትም ሥጋም ወተትም የሌለበት፣ እንዲሆን በዘይት ሥሪው። የቅቤው ሽታ ከናፈቀሽ ዘይቱን በዝግታ እሳት ላይ ከኮረሪማና ከነጭ ሽንኩርት ጋር አሙቀሽ አጥልይው። ቤቱን ያውደዋል።

ጥ፦ ለመሆኑ ለምን ጣፋጭ?

መ፦ ዓመቱ ጣፋጭ ይሁን ብለን ነው፤ ፖም በማር እንደምንበላው። የኢትዮጵያ አይሁድ ሽማግሌዎቻችን ብርሃን ሠረቀ በሚሉት በዚህ ቀን ባታታ ግዴታ የለበትም። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ካሮት በማር የሚሠሩት ጺመስ የሚባል ምግብ አላቸው፤ ባታታ የሚጨምሩበትም ብዙ ናቸው። ኮምጣጣ ነገር በዚህ ቀን የማይበሉ ሰዎች ስላሉ ሎሚ አልጨምቅበትም።

ጥ፦ ለሻባትስ (ለሰንበት) እንዴት ሞቆ ይቆያል?

መ፦ ዓርብ የሰንበት ሻማ ከመብራቱ በፊት አብስለሽ ፕላታው፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምግብ ማሞቂያው፣ ላይ አስቀምጪው። ፎይሉን ሁለት ሦስት ቦታ ብጪው፤ አለበለዚያ እንፋሎቱ ያላሽቀዋል። መረቅ ያለውን ምግብ በሻባት ማሞቅ ሕጉ ጠበቅ ስለሚል፣ ማሩ ደርቆ የተጣበቀበት ይመረጣል።

ጥ፦ በፔሳህ (በአይሁድ ፋሲካ) ይበላል?

መ፦ ባታታው ይበላል። ዘይቱን ግን እዪ፦ አሽከናዚ (ዘሩ ከአውሮፓ የሆነ አይሁድ) እንግዳ ካለሽ የሶያና የካኖላ ዘይት የማይበሉ ብዙ ናቸው፤ የወይራ ይሻላል። ቅመሙም ለፔሳህ ኮሸር (በሕጉ የተፈቀደ) የሚል ጽሑፍ ይኑርበት።

ጥ፦ አገር ቤት ያለው ነጩ ስኳር ድንችስ?

መ፦ ይሆናል። ደረቅ ስለሚል ዘይቱን ጨመር አድርጊ።

ጥ፦ የስምንት ወር ልጄ ቢቀምስ?

መ፦ ማር ያለበትን እንዳትሰጪው! ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አደገኛ ነው፤ የተበሰለም ቢሆን። ጨውና ማር ከመጨመርሽ በፊት ሦስት አራት ቁራጭ ለይተሽ ትሪው ጥግ ላይ ለብቻው በፎይል ጠቅልይለት። ሲለሰልስ በሹካ ጨፍልቂለት።